ስሙን አልቀበልም ያለች ሕፃን

ሲስተር ክዊንተር በሐይቁ ዳር ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ብዙ ዓመት ስትሠራ በስሟ የተጠራ ነገር ቢኖር አንድ ጀልባ ነው። እባብ ነድፎት የመጣ ዓሣ አጥማጅ ከሞት ከመለሰችው በኋላ በጀልባው ጎን ላይ «ሲስተር ክዊንተር» ብሎ በሰማያዊ ቀለም አስጻፈ። ወር ሳይሞላት ጀልባዋ ተገለበጠች። ሰውየውን ውሃ እያስታወከ ሲያመጡት ተረኛዋ እሷው ነበረች። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አያትና ወዲያው መልሶ ጨፈነው።

ሲስተር ቤሪል ግን ልጆች አሏት። የወለደቻቸውን አይደለም የምላችሁ፤ ሞክሼዎቿን ነው። ከኪሱሙ ከተማ ተዛውራ ከመጣች ገና ብዙም ሳይቆይ፣ ከዓሣ ገበያው እስከ ጀልባ ማቆሚያው ባለው ሰፈር «አንቺ ቤሪል!» ብሎ የጮኸ ሰው በየደጁ አንድ አንድ ሕፃን ዞር ይልለት ጀመር። በእኛ በሉዎዎች ዘንድ ትልቅ ውለታ የዋለልህን ሰው አመስግነህ ብቻ አትሸኘውም፤ ልጅህን በስሙ ትጠራለህ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ቢሞትም አይሞትም። ስሙ በየቀኑ ይገረፋል፣ ይታጠባል፣ ኡጋሊህን፣ የበቆሎ ገንፎህን፣ ጨርስ ይባላል።

ድንገተኛ ክፍል ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ክብር የተመቸ ቦታ አይደለም። ሰው ራሱን ስቶ ይመጣል፤ ራሱን ሲያውቅ ፎቅ ላይ ተኝቷል። የሚያየው ትራሱን የምታስተካክለውን ነርስ ነው፤ ዶሮ ይዞ ሲመለስም ዶሮው ለእሷ ነው። ክዊንተር አንድ ጊዜ ደረቱን እየተጫነች ልቡን ያስነሳችለት ሰው ገበያ ውስጥ ቲላፒያ ዓሣ ሲሸጥ አግኝታዋለች። ከተደረደሩት ውስጥ ትንሿን መርጦ ጠቀለለላትና «ቀጣይ!» አለ።

እና ቤሪል እንዴት ተሳካላት? በመጨረሻዋ ደቂቃ ስለምትመጣ ነው፤ ክዊንተር እንደዚያ ነው የምታምነው። ክዊንተር ደሙን ታቆማለች፣ ደም ሥር ፈልጋ ትወጋለች፣ የተበላሸውን አንሶላ ትለውጣለች። ታማሚው ዓይኑን ሲገልጥ ግን ፊቱ ላይ የቤሪል ጥርስ ይበራል። ቤሪል ደግሞ ይህን ሆን ብላ አታደርገውም፤ ክዊንተርን ከሁሉ በላይ የሚያቃጥላት ይኸው ነው። ሆን ብላ ብታደርገው እኮ ተጣልታት ትገላገል ነበር።

የሊኔት ልጅ ነገር ከሁሉ የባሰ ነው። ሊኔት ምጥ ይዟት በኪራይ ሞተር ሳይክል ስትመጣ በሩ ላይ ደግፋ ያወረደቻት ክዊንተር ናት። አልጋ ላይ ያወጣቻት ክዊንተር ናት። ማዋለጃ ክፍል እንደማትደርስ አይታ ዕቃውን የዘረጋችው፣ «ግፊ» ያለችው፣ «አትግፊ» ያለችው፣ እጇን የተነከሰችው ክዊንተር ናት። የእትብት ማሰሪያው ከዕቃው ውስጥ ጎድሎ ነበርና ከመደርደሪያው ልታነሳ ዞር አለች። እሱን ይዛ ስትመለስ፣ ከሻይ እረፍት እየተመለሰች በዚያ የምታልፈው ቤሪል ኩባያዋን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሕፃኗን በሁለት እጇ ይዛለች። «ሴት ናት!» አለች ቤሪል፣ እንዲያ እየሳቀች። ልጅቷ ቤሪል ተባለች። ክዊንተር «እንኳን ደስ ያላችሁ» ካለች በኋላ መጋዘን ገብታ አንድ ጥቅል የቁስል ማሸጊያ ጎዝ በጥርሷ ቀደደች።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ክዊንተር ታማሚዎች በሚለዩበት ጠረጴዛ ተቀምጣ ሳለ የሕፃን ለቅሶ ከውጭው በር ይሰማት ጀመር። ረሃብም እንቅልፍም የሌለበት፣ ሹል ለቅሶ ነው። መጀመሪያ የገቡት የሊኔት አማት ዳኒ ሮዳ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ዳኒ፣ አያቴ፣ እያለ የሚጠራቸው፣ ቁመታቸው አጭር ሆኖ ወረፋ የማያውቁ ሴትዮ። ከኋላቸው ሊኔት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ዓይኗ ቀልቶ ትከተላለች።

«ምን ሆናለች ዳኒ?»

«ምንም አልሆነችም» አሉ ዳኒ ሮዳ። «እኛ ስሙን ልንመልስ ነው የመጣነው።»

«የቱን ስም?»

«ቤሪልን ነዋ! ጥሪያትና ስሟን ትረከበን። ልጅቷ ከትናንት ጀምራ አልቀበልም ብላለች። ጡት ብንሰጣት እንቢ፣ ብናዝላት እንቢ። ስሙን በጠራን ቁጥር ደግሞ ይብስባታል።»

ወረፋ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞረ። የጀሶ ክፍሉ ሠራተኛ ኦጎላ፣ ሥራ ሲበዛበት የማይታየውና ወሬ ሲኖር የማይጠፋው ኦጎላ፣ እጁ ነጭ እንደሆነ ከክፍሉ ብቅ አለ።

በክዊንተር ደረት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የነበረ አንድ ነገር ብድግ አለ። ፊቷን ግን አላስነበበችም።

«ሲስተር ቤሪል ሥራ ላይ ናት» አለች። «የተጋጨ የሞተር ነጂ እየሰፋች ነው። እስከዚያ ሕፃኗን ልያት። ያስተኟት እዚህ።»

«አይተሽ ምን ታገኚያለሽ? ሕፃን በከንቱ አያለቅስም፤ ስሜን አውጡለት የሚል የሞተ ዘመድ ሲኖር ነው፤ የፈለገው ስም ሲጠራ ዝም ይላል። ሌሊቱን ሁሉ የሞቱ ዘመዶቻችንን ስም ስጠራላት አደርኩ። የባሌን እናት ጠራሁ፣ እንቢ። አክስቴን ጠራሁ፣ እንቢ። ያቺን ምላሰኛ፣ የባሌን ሁለተኛ ሚስት እንኳን ጠራኋት፤ ቅር እያለኝ!»

«እሷስ?»

«እሷንስ እኔም አልፈልግም ነበር። ተመስገን፣ አልቀበልም አለች።»

ክዊንተር ቴርሞሜትሩን ሕፃኗ ብብት ውስጥ ከተተች። ትኩሳት የለም። ጆሮዋን አየች፣ አፏን አየች፣ ሆዷን ዳሰሰች። ቅናት ሥራ አያስረሳትም፤ እንዲያውም እጇን ያፈጥነዋል። እጇ እየሠራ አፏ ደግሞ የራሱን ሥራ ጀመረ።

«ዳኒ፣ ሕፃን ግን ያስታውሳል?»

«ምኑን?»

«እኔ እንጃ እንግዲህ። የተወለደበትን ቀን ማለቴ ነው። እናቱን ከሞተር ሳይክል ላይ ማን እንዳወረዳት፣ ማን ግፊ እንዳላት…»

«አንቺ ነሽ እኮ ያወረድሽኝ» አለች ሊኔት በደከመ ድምፅ። «እጅሽንም ነክሼሻለሁ።»

«ምልክቱ አለ» አለች ክዊንተር፣ እጇን ትንሽ ፈጠን ብላ እየዘረጋች።

ዳኒ ሮዳ እጇን አዩ፣ ክዊንተርን አዩ። ወደ ኋላ ዘንበል አሉ።

«አንቺስ ስምሽ ማነው ልጄ?»

«የኔን ስም ምን ያደርግልዎታል ዳኒ፣ ይተዉት» አለች፤ ደረቷ ላይ ያለውን የስም ሰሌዳ ወደ እሳቸው እያቃናች።

«ክዊንተር ትባላለች» አለ ኦጎላ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እንደ ጀልባዋ?» አለ ከወረፋው አንዱ።

«የቷ ጀልባ?»

«ያቺ የሰመጠችው።»

«አልሰመጠችም!» አለች ክዊንተር። «ተገለበጠች እንጂ። በሉ ዝም በሉ፣ ሕፃን እየመረመርኩ ነው።»

ከዚያ ካልሲውን አወለቀች። በዚያ ሙቀት ሕፃኗ በእጅ የተሠራ ቢጫ ካልሲ አድርጋ ነበር። የቀኝ እግሯ ጤነኛ ነው። የግራ እግሯ መካከለኛ ጣት ግን አብጣ፣ ጠቁራ፣ የበሰለች የወይን ፍሬ መስላለች፤ ሥሯ ላይ ቀለበት ያሰሩባት ይመስል ዙሪያዋን ጎድጉዷል።

ክዊንተር ወዲያው ገባት። ከዚህ በፊትም አይታለች። እናት በወለደች በሦስተኛ በአራተኛ ወሯ ፀጉሯ ይረግፋል፤ አንዷ ዘለላ ካልሲ ውስጥ ትገባና ሕፃኑ እግሩን ባወራጨ ቁጥር ጣቱ ላይ ትጠመጠማለች። እየጠበቀች፣ ሥጋ ውስጥ እየገባች ደም ትከለክላለች። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፀጉሯን ፈልጎ መቁረጥ። ከዘገየ ጣቷ ትሞታለች።

መናገር ነበረባት። «እነሆ ምክንያቱ» ማለት ነበረባት። አፏን ከፈተችም። ግን ያ ከተቀመጠበት የተነሳው ነገር ቀደማት። ያቺ ፀጉር ስትቆረጥ ልጅቷ ዝም ትላለች፤ ልጅቷ ዝም ስትል ደግሞ የሚጠራው ስም የማን ይሆናል? ከዚያ በኋላ ይህች ልጅ አድጋ፣ ትምህርት ቤት ገብታ፣ መምህሯ በጠራት ቁጥር፣ እናቷ በቆጣቻት ቁጥር… በዚህ ክፍል ውስጥ ክዊንተር የምትባል ሰው እንደነበረች አንድ ምስክር ትኖራለች። የማይገለበጥ ምስክር።

«ዳኒ» አለች ቀስ ብላ፣ ስል መቀሷን እያነሳች፣ «እኔ እግሯን ላጽዳላት። እርስዎ እስከዚያ… በሕይወት ያለ ሰው ስም ሞክረዋል?»

«ገባኝ» አሉ ዳኒ ሮዳ። እጃቸውን አጨብጭበው ጀመሩ። «ክዊንተር! ነይ ክዊንተር! አንቺ ነሽ ወይ?»

ሕፃኗ ከበፊቱ ባሰች።

ክዊንተር ጎንበስ አለች። የተጠመጠመችው ፀጉር አትታይም። ጣቷ በማበጧ ጉድጓዱ ተከድኗል። ዓይኗን አጠበበች፣ ራሷን ወደ ኋላ ሳበች፣ እንደገና ወደ ፊት አስጠጋች። የዓይን ሐኪሙ መነጽር ካዘዘላት ቆይቷል። ልታሠራው ስትል ቤሪል «መነጽር ያምርብሻል» ብላት ነበርና አላሠራችውም።

«ክዊንተር! ክዊንተር የኔ እመቤት!»

ለቅሶው ጣሪያውን አለፈ። ሊኔት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ኧረ ይህንንስ ጨርሶ አልወደደችውም» አለ ኦጎላ። «ቤሪልን እንኳ እንዲህ አልጮኸችበትም።»

«ጀልባዋን አስታውሷት ይሆናል» አለ ያው ሰውዬ።

«እናንተ ሰዎች!» አለች ክዊንተር። ላብ አንገቷ ላይ ወረደ። በመቀሱ ጫፍ ጉድጓዱን ነካካች፤ መቀሱ ወፍራም ነው፣ ዓይኗም ደክሟል። «አንድ ጊዜ ይድገሙት ዳኒ። ትንሽ ለስለስ አድርገው።»

ዳኒ ለስለስ አድርገው ደገሙት። ለውጥ የለም።

ክዊንተር የሕፃኗን ጣት በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ለቀቀች። ጤነኛ ጣት ሲለቀቅ ቀላ ይላል። ይህ አልቀላም። ጥቁረቱ ከገቡበት ጊዜ ይልቅ ደመቅ ያለ መሰላት። ዶክተሩ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው፤ ቶሎ አይወጣም። በዚህ ቤት ከእንዲህ ያለ ሥጋ ውስጥ ፀጉር ማየት የሚችል ዓይን ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። ቤሪል ገለባ ከዓይን፣ እሾህ ከተረከዝ፣ የዓሣ አጥንት ከጉሮሮ ስታወጣ አይታታለች። እያየች በውስጧ ተሳድባለች።

ሕፃኗን አየቻት። ሕፃኗ አፏን ከፍታ፣ ድድዋን አሳይታ፣ ከልቧ ትጮኻለች። የስም ነገር ምኗም አልነበረም።

ክዊንተር መቀሱን አስቀመጠችና ወደ ቁስል መስፊያው ክፍል ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች።

«ቤሪል፣ ዓይንሽን ፈልጌው ነበር።»

«ዓይኔን?»

«ዓይንሽን ብቻ።»

ቤሪል የመጨረሻዋን ስፌት ቋጥራ፣ ጓንቷን ለውጣ መጣች። ሕፃኗን ስታይ ያ ጥርስ እንደ ልማዱ በራ። «እንዴ! ሞክሼዬ ናት እኮ! ምነው የኔ ቆንጆ?»

«ስምሽን ውሰጂ» አሉ ዳኒ ሮዳ። «ጨርሰናል። አልሆናትም።»

«እወስደዋለሁ ዳኒ፣ ችግር የለም» አለች ቤሪል፤ ቀና ብላም አላየቻቸውም። «ፊቷን ልያት… ኧረ እግሯ! ክዊንተር፣ ፀጉር ነው?»

«ፀጉር ነው።»

ችግር የለም አለች! ክዊንተር ያቺ ቃል እንደ አልኮል በቁስል ላይ ወረደችባት። እኔ የሞትኩለትን እሷ እንደ ተረፈ ዳቦ ትመልሰዋለች።

መብራቱን አስጠጉ። ክዊንተር ሕመሙን እንዲያስታግስላት ሁለት ጠብታ የስኳር ውሃ ሕፃኗ ምላስ ላይ አደረገች፤ እግሯን በአንድ እጇ አጥብቃ ያዘች፣ በሌላው ቆዳውን ግራና ቀኝ ሳበች። ቤሪል በቀጭን መርፌ ጫፍ ጉድጓዱን ከፈት አደረገች። ትንፋሿን ያዘች።

«አየኋት። ሁለት ዙር ናት። በጣም ገብታለች።»

«ከሥሯ ግቢና አንሻት፤ እኔ እቆርጣለሁ።»

ዳኒ ሮዳ ስም አልቆባቸው ዝም ብለዋል። ወረፋው ዝም ብሏል። ኦጎላ እንኳ ዝም ብሏል። ሕፃኗ ብቻ ትጮኻለች። መርፌዋ ስትገባ ሕፃኗ ተወራጨች፤ የመርፌዋ ጫፍ ወደ ጎን፣ የደም ሥሯና ነርቯ ወደሚያልፉበት አቅጣጫ ሸርተት ስትል ክዊንተር አየች። ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልግም፤ ያን ሁሉ ዓመት መሥራት ይበቃል።

«ቤሪል!» ብላ ጮኸች።

ቤሪል ቀጥ አለች። መርፌዋን ወደ ላይ፣ ወደ ሕፃኗ ጣት ጀርባ መለሰች። ፀጉሯ እንደ ክር ብቅ አለች። ክዊንተር የመቀሱን ጫፍ አስገብታ ቆረጠች፤ ሁለተኛውንም ዙር ቆረጠች፤ ቤሪል መዘዘችው።

ሕፃኗ አንድ ጊዜ ሳግ ተናነቃት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ዝም አለች።

ጣቷ ከሥሯ ጀምራ ቀስ በቀስ ቀላች። ከዚያ ዳኒ ሮዳ እልልታቸውን ሲለቁት የተጋጨው ሞተር ነጂ ሳይቀር ከመጋረጃው ውስጥ «ምን መጣ?» አለ።

«ተቀበለች! ስሙን ተቀበለች! ቤሪል ሲባል ዝም አለች፤ ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል!» አለ ወረፋው በአንድ ድምፅ።

«አይደለም!» አለች ክዊንተር። የተቆረጠችውን ፀጉር ጎዝ ላይ ዘርግታ አነሳች። «ዳኒ፣ ይቺን ይዩ። ይቺ ናት ያስለቀሰቻት። ፀጉር ናት፤ ጣቷ ላይ ተጠምጥማ ነው። ስም ምንም አላደረገም!»

ዳኒ ሮዳ ጎዙን ወደ ብርሃን አዙረው በደንብ መረመሩ።

«አየኋት። ማን ጠመጠማት?»

«ማንም አልጠመጠማትም። ካልሲው ውስጥ ገብታ…»

«ካልሲውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ ፀጉር አልጠመጠምኩም። ሊኔት፣ አንቺ ጠምጥመሻል?»

«ኧረ እኔ አልጠመጠምኩም» አለች ሊኔት። ሕፃኗን ጡት አስይዛለች፤ በቁሟ ልታንቀላፋ ምንም አልቀራትም።

«ራሷ ናት የተጠመጠመችው» አለች ክዊንተር።

«ራሷ!» አሉ ዳኒ ወደ ወረፋው ዞረው፣ ዳኝነት እንደሚጠይቅ ሰው። ወረፋው ራሱን ነቀነቀ። ፀጉር ራሱን እንደማይጠመጥም ሁሉም ያውቃል።

«እኔ ነኝ ያልገባኝ» ቀጠሉ ዳኒ ሮዳ። «ስሙን አልጠላችውም ኖሯል፤ ጠሪውን ነው የጠበቀችው። አንቺ ራስሽ አልነገርሽኝም? ሕፃን ያስታውሳል አላልሽም? ከሞተሩ ያወረድሻት አንቺ፣ ግፊ ያልሽው አንቺ። ከእኛ አፍ እንቢ ብላ ካንቺ አፍ ተቀበለችው።»

የክዊንተር የራሷ ነገር ነው፤ ራሷ አስባው፣ ራሷ ተናግራዋለች።

«ስለዚህ ሳንሄድ አንድ ጊዜ ጆሮዋ ላይ ጥሪያት» አሉ ዳኒ። «ሰው እየሰማ፣ በወጉ። ከዛሬ ጀምሮ ባለቀሰች ቁጥር፣ በታመመች ቁጥር ወዳንቺ ነው የማመጣት። ስታገባም ቆመሽ የምትጠሪያት አንቺ ነሽ። ስም ሰጪ ብዙ ነው፤ ጠሪ ግን አንድ ነው።»

ከፈለገችው ሁሉ ስሙን ብቻ አሳጥተው ሌላውን ሁሉ ሰጧት። «ሥራ አለብኝ ዳኒ፣ ቤሪል ራሷ ትጥራት፣ ስሙ የእሷ ነው» ልትል ወደ ቤሪል ዞረች።

ቤሪል መርፌዋን ማስወገጃው ውስጥ እየጣለች ነበር። ጥርሷ አይታይም። ክዊንተር ይህን ፊት ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም፤ ከንፈሯ ትንሽ ጠበብ፣ ዓይኗ ወደ መሬት ሰበር ብሏል።

«እኔ ጋ እንኳን» አለች ቤሪል፣ ለቀልድ ልታስመስለው እየሞከረች፣ «ከሞክሼዎቼ አንዷንም አልቅሳ ያመጣት የለም። ስሜን ይወስዳሉ፣ ይሄዳሉ። ገበያ ውስጥ እናቶቻቸው ሰላም እንኳ አይሉኝም።»

«እውነትሽን ነው?»

«ምን አገባኝ እንግዲህ። ጥሪያት፣ ወረፋው በዛ።»

ግን ግድ ብሏታል። ክዊንተር የቅናትን ፊት በየትኛውም ብርሃን ታውቀዋለች፤ ለዓመታት በመስታወት አይታዋለች። ጣፋጭ፣ እንደ ትኩስ ወተት ያለ ነገር ከጉሮሮዋ እስከ ሆዷ ወረደ።

ጓንቷን አወለቀች። የነጭ ልብሷን ኮሌታ አስተካከለች። ወደ ሊኔት ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ሕፃኗ ጆሮ አስጠጋች፤ ኦጎላ እስከቆመበት በር ድረስ እንዲሰማ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ ስሙን እንደ ዜማ ጎተት አድርጋ፣

«ቤ…ሪል» አለች።

ሕፃኗ ጡቷን ሳትለቅ በአንድ ዓይኗ አየቻት። ክዊንተር ግን የምታየው ትልቋን ቤሪል ነበር።

«አልሰማችም መሰለኝ» አለች፣ «ልድገመው።»